ማይክሮካርሚዴ ራሱን የቻለ የጊንጥ ቤተሰብ ነው ወይስ የቡቲዴ ክፍል?

ደን ወዳድ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች የሚሆን የጊንጥ ቤተሰቦች ሰንጠረዥ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ሥራው ሊጠናቀቅ ሲል አንድ እልባት ያላገኘሁለት ጉዳይ ስላጋጠመኝ፣ በዚህ ዘርፍ ዕውቀት ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ በማዳጋስካር ደኖች ውስጥ፣ በረገፈ ቅጠልና በብስባሽ አፈር መካከል የሚኖሩትን ጥቃቅን ጊንጦች የሚመለከት ነው። እነዚህ ጊንጦች ዕድገታቸውን ከጨረሱ በኋላ እንኳ ርዝመታቸው ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የዓለም ጊንጦች ካታሎግ ማይክሮካርሚዴ በሚል ስም ራሱን የቻለ ቤተሰብ አድርጎ ይመዘግባቸዋል፤ በ2003 ማይክል ሶለግላድና ቪክቶር ፌት ያወጡት ሰፊ ምደባም ይህንኑ ቤተሰብ ቡቲዴ ከተባለው የጊንጥ ቤተሰብ ጎን ያቆመዋል። ከዚያ ወዲህ በወጡ ሌሎች ዝርዝሮች ውስጥ ግን ማይክሮካርሚዴ የሚል ቤተሰብ የለም፤ ማይክሮካርመስ የተባለው ዋነኛው ወገን (ማለትም በቤተሰብ ሥር ሆኖ ዝርያዎችን የሚያሰባስበው ደረጃ) ከነዝርያዎቹ በቡቲዴ ሥር ተመዝግቦ ይገኛል።

ሁለቱንም ዓይነት ዝርዝር ያዘጋጁት ሰዎች ጊንጥን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑ ባለሙያዎች ስለሆኑ አንዱን ዝርዝር በቸልታ ልተወው አልቻልኩም። ስለዚህ ቤተሰቡ በመጀመሪያ በምን ማስረጃ ተመሠረተ? በምንስ ማስረጃ ቀረ? ደግሞስ እንዲህ ያለውን ነገር በመጨረሻ የሚወስነው ማን ነው? ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ተግባራዊ ሥጋትም አለኝ። ቡቲዴ ለሰው ሕይወት አስጊ የሆኑ ጊንጦች በብዛት የሚገኙበት ቤተሰብ እንደሆነ በሰንጠረዡ ላይ ጽፌያለሁ። እነዚህን ጥቃቅን ጊንጦች በዚያ ረድፍ ውስጥ ባስገባቸው ተማሪው አደገኛ እንደሆኑ አድርጎ ይወስዳቸዋል ብዬ እሠጋለሁ።

የዘር ሐረግ፦

የተከበሩ ደን ወዳድ፤ ሁለቱን ዝርዝሮች አንዱን ትክክል ሌላውን ስሕተት አድርጎ ከማየት ይልቅ በታተሙበት ዘመን ቅደም ተከተል ማንበብ ጉዳዩን በእጅጉ ያቀለዋል። ስለዚህ ከታሪኩ ልጀምር።

ማይክሮካርመስ የተባለውን ወገን እ.ኤ.አ. በ1995 የገለጸው በፓሪስ ብሔራዊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ዊልሰን ሎሬንሶ ነው። በቀጣዩ ዓመት ስለ ማዳጋስካር ጊንጦች አመጣጥና ዝምድና በጻፈው ሥራው ለዚህ ወገን የቤተሰብ ደረጃ ያለው ስም አወጣ፤ በ1998 ደግሞ በማዳጋስካርና በአፍሪካ ዋና ምድር በብስባሽ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ጊንጦች አዲስ ቤተሰብ እንደሚያስፈልግ በተለየ ጽሑፍ ተከራከረ። እርስዎ የጠቀሱት ካታሎግ እስከ 1998 የታተመውን ሁሉ የሚሸፍን በመሆኑ ይህን አዲስ ቤተሰብ መዝግቦታል። ካታሎግ የዘመኑን ጽሑፎች አሰባስቦ የሚያስቀምጥ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱን የዝምድና ጥያቄ እንደገና እንዲፈትሽ አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ በ2000 ስሙ እዚያ መገኘቱ ለሁልጊዜ እንደጸደቀ የሚያሳይ አይደለም።

ሎሬንሶ እነዚህን ጊንጦች ከሌሎች ለመለየት ያነሣሣው ምክንያት ምን ነበር ለሚለው፣ ማንም ሰው በማጉያ ቢመለከታቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል። አካላቸው እጅግ ትንሽ ነው፤ የመቆንጠጫ እጆቻቸው ቀጫጭን ናቸው፤ ጊንጦች ሁሉ ከሆዳቸው ሥር የሚሸከሙት፣ መሬቱን እየዳሰሰ ሽታና ንዝረት የሚለየው የማበጠሪያ ቅርጽ ያለው አካል በእነዚህ ላይ አጭርና ጥርሶቹም ጥቂት ናቸው። እንዲህ ያሉ ምልክቶች ተደራርበው በአንድ ቡድን ላይ ሲገኙ፣ ቡድኑ ከጥንት ጀምሮ ለብቻው የተጓዘ ነው ብሎ መገመት ምክንያት ያለው ግምት ነበር። በዚያ ላይ እነዚህን ጊንጦች ከሎሬንሶ በፊት በትኩረት የመረመራቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ቤተሰቡ ዛሬ ባይጸናም፣ ዝርያዎቹን አንድ በአንድ ያሳወቀን የእርሱ ሥራ ስለሆነ ውለታው ትልቅ ነው።

በሌላ በኩል ግን ከቡቲዴ ጋር የሚያገናኛቸው ጠንካራ ምልክትም ከመጀመሪያው ጀምሮ አልጠፋም። የሎሬንሶ ቀዳሚ የነበረው፣ በዚያው ሙዚየም ያገለገለው ማክስ ቫሾን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ታላቅ ጥናቱ፣ በመቆንጠጫ እጆች ላይ የሚበቅሉትንና ትሪኮቦትሪያ የሚባሉትን የአየር እንቅስቃሴ ለይተው የሚያውቁ ቀጫጭን ፀጉሮች አቀማመጥ ቆጥሮ፣ በሕይወት ያሉ ጊንጦችን በሦስት ዓይነት አቀማመጥ መደባቸው። የመጀመሪያው ዓይነት በመሠረታዊ መልኩ በጭኑ ክፍል 11፣ በጉልበቱ ክፍል 13፣ በመቆንጠጫው 15፣ በድምሩ 39 ፀጉሮች ሲኖሩት፣ የቡቲዴ መለያ ሆኖ የሚታወቀው ይህ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የኬሪሊዴ ሲሆን ሦስተኛው ደግሞ የቀሩትን ቤተሰቦች በሙሉ ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ከመካከለኛው እስያ የተገለጸው ፕሴዶካክታስ የተባለው ጊንጥ ከሦስቱም ስላልገጠመ በኋላ ለእርሱ አራተኛ ዓይነት ተጨመረ። ማይክሮካርመስ በዚህ መለኪያ ሲታይ የሚወድቀው በቡቲዴ ዓይነት ውስጥ ነው። ስለዚህም ቤተሰቡን ለይተው ያቆሙት ሶለግላድና ፌት ራሳቸው ከቡቲዴ ጋር በአንድ ዐቢይ ቤተሰብ (ተዛማጅ ቤተሰቦችን በሚያሰባስብ ደረጃ) ሥር ነው ያስቀመጡት። ጥያቄው ሁልጊዜም ከቡቲዴ ጋር ይዛመዳሉ ወይስ አይዛመዱም የሚል ሳይሆን፣ ከቡቲዴ ውጭ እንደ እኅት ቅርንጫፍ ይቆማሉ ወይስ ከራሱ ከቡቲዴ ውስጥ የበቀሉ ናቸው የሚል ነበር።

ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ የምደባው ክርክር በሙሉ ያረፈው ግን በእርሱ ላይ ነው። በዛሬው አሠራር አንድ ቤተሰብ ተቀባይነት የሚያገኘው የአንድ ቅድመ አያት ዘሮችን በሙሉ ሲይዝ ነው። ማይክሮካርመስ ከአንዳንድ የቡቲዴ ወገኖች ጋር ያለው ዝምድና እነዚያ ወገኖች ከሌሎች የቡቲዴ አባላት ጋር ካላቸው የቀረበ ከሆነ፣ እርሱን አውጥቶ ለብቻው ቤተሰብ ማድረግ የቀረውን ቡቲዴ ጎዶሎ ያደርገዋል፤ ከአንድ ግንድ ልጆች መካከል በመልክ ለየት ያለው ተነጥሎ ቀሪዎቹ ብቻ በግንዱ ስም ይጠራሉ ማለት ነው። በመልክ መለየት ብቻውን ለቤተሰብነት የማይበቃው ለዚህ ነው።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ኤሪክ ቮልሼንክ፣ ካሚሎ ማቶኒና ሎሬንዞ ፕሬንዲኒ የጊንጦችን የመካከለኛ አካል ውስጣዊ ክፍሎች፣ በተለይም የሴቷን የመራቢያ አካል መረብና የሊምፍ ዕጢዎችን፣ ከሁሉም ዋና ዋና የጊንጥ ሐረጎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ አነጻጸሩ። የመራቢያ መረቡ በቡቲዴ ስምንት የመረብ ዓይኖች፣ ማለትም ክፍተቶች፣ ያሉት ሲሆን በአብዛኞቹ ሌሎች ጊንጦች ግን ስድስት ነው፤ የመረቡ ቅርጽ እንደ ቆዳ ቀለም ወይም እንደ አካል መጠን በቀላሉ ስለማይለዋወጥ ለዝምድና ጥናት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ንጽጽር በመነሣት ማይክሮካርሚዴን ከቡቲዴ ለይቶ ለማቆየት የሚበቃ መሠረት እንደሌለ ደምድመው ስሙን በቡቲዴ ሥር አጠቃለሉት። እርስዎ ያገኟቸው አዳዲስ ዝርዝሮች የተከተሉት ይህንን ውሳኔ ነው።

ማን ይወስናል ለሚለው፣ ቤተሰብን የሚያጸድቅ ወይም የሚሽር ሸንጎ የለም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ የሚገዛው ስሞችን ብቻ ነው፤ ሁለት ስሞች ለአንድ ቡድን ሲወጡ የትኛው ይቀድማል፣ ስም እንዴት ይመሠረታል፣ የመሳሰለውን ይደነግጋል እንጂ የትኛው ዝምድና እውነት ነው ብሎ አይፈርድም። ዝምድናው በታተመ ማስረጃ ይቀርባል፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ይመዝኑታል፤ ካመኑበት በሥራቸው ይከተሉታል። ማስረጃው ሲቀየር ምደባው ይቀየራል፤ ይህም የዘርፉ ድክመት ሳይሆን አሠራሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለ ማጉያ፦

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ ልጨምር የምፈልገው ስለ አካል ትንሽነት ነው፤ ምክንያቱም በእኔ እምነት ይህን ቤተሰብ ያቆመውም ያፈረሰውም ጉዳይ ትንሽነት ራሱ ነው።

አንድ ጊንጥ በትውልድ ሂደት ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲወርድ የሚቀየረው ርዝመቱ ብቻ አይደለም። የማበጠሪያው ጥርሶች ቁጥር ይቀንሳል፤ በመቆንጠጫው ጣቶች ላይ የሚደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ረድፍ ያጥራል፤ አንዳንድ የስሜት ፀጉሮች ያንሳሉ ወይም ይጠፋሉ፤ እናቲቱ በአንድ ጊዜ የምትወልዳቸውና በጀርባዋ የምታዝላቸው ልጆች ጥቂት ይሆናሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድነት የሚመጡት ከአንድ ምክንያት ነው። እያንዳንዳቸውን ለብቻቸው እንደ ማስረጃ ቆጥሮ አምስት ምልክት አገኘሁ የሚል አጥኚ፣ በእውነቱ የቆጠረው አንዱን ትንሽነት አምስት ጊዜ ሊሆን ይችላል። በተለይ ምልክቱ አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን የነበረን ነገር ማጣት ሲሆን ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ምንም ዝምድና የሌላቸው እንስሳት አንድን ነገር በየፊናቸው ሊያጡት ይችላሉና።

በጊንጦች መካከል ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆነው የቤሊሳርየስ ታሪክ ነው። በፒሬኔ ተራሮች በእርጥብ ደን አፈርና በድንጋይ ሥር የሚኖረው፣ ዓይን የሌለው ይህ ጊንጥ እ.ኤ.አ. በ1879 ከተገለጸ ጀምሮ ከአንድ ቤተሰብ ወደ ሌላ ሲዘዋወር ኖሯል። ጠያቂው የጠቀሱት የ2000 ካታሎግ በኤኳዶር ዋሻ ውስጥ ከተገኘው ትሮግሎታዮሲከስ ከተባለው ጊንጥ ጋር በአንድ ቤተሰብ ሥር አስቀምጦታል። አንዱ አውሮፓ ሌላው ደቡብ አሜሪካ፣ ሁለቱም ግን በጨለማ የሚኖሩና ለጨለማ ኑሮ የተስማማ አካል ያላቸው ናቸው። ዛሬ ሁለቱ በተለያዩ ቤተሰቦች ሥር ይመዘገባሉ። በሜክሲኮ በአፈርና በዋሻ የሚኖሩት ዓይነ ስውር ቲፍሎካክቲዴዎች ደግሞ ሌላ ሐረግ ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ ቲፍሎካክታስ ሚቼሊ ከዓለም ጥቃቅን ጊንጦች አንዱ ሲሆን ርዝመቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። የቅጠልና የአፈር ኑሮ በተለያዩ አህጉራት፣ ከተለያዩ ግንዶች፣ የሚመሳሰል አካል ደጋግሞ አውጥቷል። ቮልሼንክና ባልደረቦቹ ወደ ውስጣዊ አካላት መመልከታቸው ብልህነት የነበረው ለዚህ ነው።

እነዚህ ጊንጦች ለረዥም ጊዜ ሳይታወቁ የቆዩበትን ምክንያትም መጥቀስ ይገባል። ጊንጥ ሰብሳቢዎች በሌሊት የሚጠቀሙበት ዋነኛ መሣሪያ የአልትራቫዮሌት መብራት ነው፤ የጊንጥ ቅርፊት በዚህ ብርሃን አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚያበራ በክፍት መሬት ላይ ያለ ጊንጥ ከሩቅ ይታያል። ብርሃኑ ግን የቅጠል ንብርብርን አልፎ ስለማይገባ በንብርብሩ ውስጥ የሚኖር ጊንጥ በዚህ ዘዴ አይገኝም። እነርሱን ያወጣቸው ለጉንዳንና ለሌሎች የአፈር እንስሳት የሚውለው ወንፊት ነው። የረገፈው ቅጠል ተበጥሮ በመረብ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቱ በጨርቅ ሽፋን ውስጥ ለቀናት ይሰቀላል፤ ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ እርጥበት ፈላጊዎቹ እንስሳት ወደ ታች ወርደው አልኮል ወዳለበት ዕቃ ይወድቃሉ። በማዳጋስካር ደኖች እነ ብራያን ፊሸር ጉንዳን ለማጥናት፣ እነ ስቲቨን ጉድማን ደግሞ አጠቃላይ የዱር እንስሳትን ለመመዝገብ ባካሄዷቸው ሰፋፊ ቅኝቶች ከተሰበሰበው ውስጥ እነዚህ ጊንጦች ተገኝተው ወደ ሎሬንሶ ደርሰዋል፤ በ1998 የተገለጸው ማይክሮካርመስ ፊሸሪ ስሙን ያገኘው ከጉንዳን አጥኚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሎሬንሶ ከጉድማንና ከፊሸር ጋር ሆኖ ስለዚሁ ቡድን ባወጣው ጽሑፍ ተጨማሪ አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጿል። ጉንዳን ፍለጋ የወጣ ሰው ለጊንጥ ጥናት ይህን ያህል ማበርከቱ እጅግ ደስ ያሰኛል።

ስለ አደገኛነቱ ሥጋት አይግባዎት። ቡቲዴ ከአንድ ሺህ በላይ ዝርያዎችን የያዘ ከሁሉም ትልቁ የጊንጥ ቤተሰብ ነው፤ ለሰው ሕይወት የሚያሰጉት ጊንጦች አብዛኞቹ በእርሱ ውስጥ መሆናቸው እውነት ቢሆንም፣ ከራሱ ከቤተሰቡ አባላት መካከል ግን ጥቂቶች ናቸው። እንደ አንድሮክቶነስ፣ ሌዩረስ፣ ቲትዩስና ሴንትሩሮይደስ ባሉ የታወቁ ወገኖች ውስጥ የሚገኙ የተወሰኑ ዝርያዎች ናቸው። የቤተሰብ ስም ስለ ዝምድና ይናገራል እንጂ ስለ መርዝ ጥንካሬ አይናገርም። በሰንጠረዡ ላይ «አደገኛ ቤተሰብ» ከማለት «አደገኛ የሆኑ ጥቂት ዝርያዎችን የያዘ ቤተሰብ» ቢሉ ለሁሉም አባላቱ የሚስማማ ይሆናል።

ደን ወዳድ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአደገኛነቱን አገላለጽ በተሰጠኝ ምክር መሠረት አስተካክላለሁ።

ሁለት ነገሮች ግን ቀርተውኛል። አንደኛ፣ ቤተሰቡ በ1998 ለብቻው ከተብራራ በየጽሑፉ ስሙ አጠገብ 1996 የሚል ዓመት የሚጻፈው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የሎሬንሶ ሐሳብ ማዳጋስካርን ከአፍሪካ ዋና ምድር ጋር ያገናኝ ነበር፤ ቤተሰቡ ከቀረ ስለ ጥንታዊው የምድር ክፍፍል የተሰጠው ትርጓሜስ ምን ይሆናል? ይህን የምጠይቀው በሰንጠረዡ ላይ ስለ ስርጭት የሚናገር ዓምድ ስላለኝ ነው።

የዘር ሐረግ፦

የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስ። በስያሜው ሕግ መሠረት ለቤተሰብ፣ ለንዑስ ቤተሰብም ሆነ ለዐቢይ ቤተሰብ የሚወጡ ስሞች በአንድ መደብ ውስጥ ያሉ ተደርገው ይቆጠራሉ። ስሙ በአንዱ ደረጃ አንድ ጊዜ በሕጉ መሠረት ከወጣ፣ በኋላ ወደ ሌላ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የስሙ መጨረሻ ፊደላት ብቻ ይቀየራሉ፤ ስሙን ያወጣው ሰውና ዓመቱ ግን የመጀመሪያዎቹ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ዓመቱ 1996 ነው። በዚሁ ሕግ የቀዳሚነት መርሕ መሠረት፣ ካርል ሉድቪግ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1837 ያወጣው ቡቲዴ የሚለው ስም ከማይክሮካርሚዴ ይቀድማል፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ የሚጸናው ቡቲዴ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ማይክሮካርሚዴ የሚለው ስም ግን ከሕጉ አልወጣም፤ ወደፊት አንድ ተመራማሪ ቡቲዴን በንዑስ ቤተሰቦች ቢከፍልና ማይክሮካርመስን የያዘ ክፍል ቢያስፈልገው፣ ስሙን ከነ1996 ዓመቱ ሊጠቀምበት ይችላል።

ቅጠል አንሺ፦

የስርጭቱን ጥያቄ እኔ ልሞክር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያጓጓው ክፍል ይህ ስለሆነ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል።

የማይክሮካርመስ ዝርያዎች በሙሉ የማዳጋስካር ናቸው፤ የሚገኙትም በተለይ በደሴቲቱ ሰሜናዊና ምዕራባዊ ክፍሎች ባሉ ደኖች ነው። ከእነርሱ ጋር በቅርበት ሲነሡ የኖሩት የአፍሪካ ዋና ምድር ጥቃቅን ጊንጦች ግን በጣም ሩቅ ናቸው። ሊካሲኦይደስን ቫሾን በ1974 ከካሜሩን ገልጾታል፤ አከንትሮቡተስን ላሞራል የተባለ ተመራማሪ በ1976 ከዛሬዋ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ገልጾታል፤ በ2008 ደግሞ ሌላ የአከንትሮቡተስ ዝርያ ከቤኒን ታውቋል። በማዳጋስካርና በእነዚህ አካባቢዎች መካከል የሞዛምቢክ መተላለፊያ ባሕርና ሰፊው የምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ምድር ይገኛሉ። በእርጥብ ቅጠል ውስጥ ብቻ የሚኖር፣ በዕድሜው ሙሉ ከተወለደበት ቦታ ብዙ የማይርቅ እንስሳ ይህን ሁሉ እንዴት አቋረጠ? ሎሬንሶ የሰጠው መልስ አላቋረጠም የሚል ነው። ማዳጋስካር ከሕንድ ጋር ሆና ከአፍሪካ የተለየችው ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከሕንድ የተለየችው ደግሞ ከ88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጊንጦቹ ከዚያ በፊት በአንድ ምድር ላይ የነበሩ ከሆነ ጉዞ አያስፈልጋቸውም፤ የተጓዘው መሬቱ ነው። ጊንጦች ከማዳጋስካር መለየት ብዙ ቀደም ብለው የነበሩ እንስሳት በመሆናቸው ሐሳቡ በዘመን አቆጣጠር ረገድ የሚያስኬድ ነው።

ነገር ግን ይህ ትርጓሜ የቆመው በሁለቱም ምድር ያሉት ጥቃቅን ጊንጦች ከሌሎች ተለይተው የእርስ በርስ ዘመድ ናቸው በሚል መነሻ ላይ ነው። ባለ ማጉያ እንዳብራሩት ትንሽነት በየቦታው ራሱን ችሎ የሚፈጠር ከሆነ፣ የኮንጎው ጊንጥ ከአፍሪካ ትላልቅ ቡቲዴዎች፣ የማዳጋስካሩ ደግሞ ከማዳጋስካር ቡቲዴዎች በየራሳቸው መንገድ የመጡበት ታሪክም እኩል ሊታሰብ የሚገባው ነው። በዚህ ሁኔታ የሚያስደንቀው የደን ወለል በሁለት ቦታ አንድ ዓይነት እንስሳ ማውጣቱ ይሆናል። ሁለቱን ታሪኮች ለይቶ የሚያሳየው የሁለቱም ምድር ጥቃቅን ጊንጦችና ትላልቆቹ ቡቲዴዎች በአንድነት የገቡበት የዘረመል ንጽጽር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሰፊ የዘረመል ጥናት የጊንጦችን ዋና ዋና ሐረጎች እንደ አዲስ ሲያደራጅ ቡቲዴን ከኬሪሊዴና ከፕሴዶካክቲዴ ጋር በአንድ ጎራ አሰልፏል፤ ከዚሁ ጋር ለዘመናት የታመኑ ውጫዊ ምልክቶች ብዙ ጊዜ ከዘረመሉ ጋር እንደማይስማሙ በግልጽ አሳይቷል። ይህ ውጤት በትናንሾቹ ላይ ያለንን ጥንቃቄ ይበልጥ ያጠናክረዋል።

ለንጽጽር ያህል፣ በዚያው በማዳጋስካር ሄትሮስኮርፒዮኒዴ የሚባል ሌላ ቤተሰብ አለ፤ ከደሴቲቱ ውጭ በየትም አይገኝም፤ ከቡቲዴ ጋርም የሩቅ እንጂ የቅርብ ዝምድና የለውም። ሎሬንሶ ይህንንም ወደ ቤተሰብ ደረጃ ከፍ ያደረገው በ1996 ነበር። ሶለግላድና ፌት በ2003 ዝቅ አድርገው በሌላ ቤተሰብ ሥር ቢያስገቡትም ዛሬ በአብዛኞቹ ዝርዝሮች ራሱን የቻለ ቤተሰብ ሆኖ ይገኛል። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ካቀረባቸው ሁለት ሐሳቦች አንዱ ጸንቶ ሌላው ሲጠቃለል ማየት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ማስረጃ እንደሚመዘን ለተማሪ ለማስረዳት ይጠቅማልና ከሰንጠረዡ በታች ቢያካትቱት መልካም ነው እላለሁ።

ባለ ማጉያ፦

እንግዲህ ወደ ሰንጠረዡ ስንመለስ፣ እኔ ብሆን ለማይክሮካርሚዴ የተለየ ረድፍ አልሠራለትም። በቡቲዴ ረድፍ ውስጥ ማይክሮካርመስን እንደ አንድ ወገን አስገብቼ፣ በማብራሪያው ዓምድ «ከ1996 እስከ 2008 በነበሩ ብዙ ሥራዎች ማይክሮካርሚዴ በሚል የተለየ ቤተሰብ ይመደብ የነበረ» ብዬ እጽፋለሁ። ተማሪው የድሮውን መጽሐፍ ሲከፍት ስሙን ያገኘዋልና ግንኙነቱን ማወቅ አለበት። በስርጭት ዓምዱ «ማዳጋስካር» ብቻ ይጻፉ፤ አከንትሮቡተስና ሊካሲኦይደስ በየራሳቸው ስም «መካከለኛውና ምዕራብ አፍሪካ» ተብለው ይግቡ። እንዲህ ሲደረግ የዘረመሉ ንጽጽር ወደፊት የትኛውንም ታሪክ ቢደግፍ፣ በስርጭት ዓምዱ ላይ የጻፉት ሳይነካ ይቆያል።